ለገሃርና ለገጣፎ ዘመዳሞች አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የመቃብር ሐውልት ላይ ፊደል እየቀረጽኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከአያት አለፍ ብሎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እገዛለሁ። እውነቱን ለመናገር ካነበብኩት በኋላ ማርብል እጠቀልልበታለሁ። ግን መጀመሪያ የጨረታ ማስታወቂያው ሳይቀረኝ አነበዋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት በደብዳቤ ገጻችሁ ላይ አንድ አንባቢ ስለ ኤትሩስካን፣ ስለ አንድ የጥንት ጣሊያን ሕዝብ ቋንቋ፣ ጽፈው ነበር። ያሉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኤትሩስካን ጽሑፍ እስከ ዛሬ ማንም ማንበብ ያልቻለው ምስጢር ነው። ሁለተኛ፣ ምስጢሩ በግዕዝ ይፈታል። ማስረጃቸው ደግሞ ሁለት ቃል። በኤትሩስካን አባት «አፓ» ነው፤ ይኸው የእኛ «አባ»። እናት «አቲ» ናት፤ ይኸው የእኛ «እናት»። አለቀ።

ሳነበው መሮዬን አስቀምጬ «ኧረ በስመአብ!» አልኩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ድንጋይ የሰነጠቅኩ መስሎት እየሮጠ መጣ።

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ይህን ከየት አወቀው ትሉ ይሆናል። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ አዛውንት ለሟች ባለቤታቸው ሐውልት ሊያሠሩ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ጣሊያን አገር ሄደው ፔሩጂያ የምትባል ከተማ ተምረዋል። የሚቀረጸውን በወረቀት ጽፈው አምጥተዋል። የባለቤታቸው ስም፣ የአባታቸው ስም፣ ቀጥሎ ደግሞ የእናታቸው ስም። እስከዚያ ቀን የእናት ስም ጻፍልኝ ያለኝ ደንበኛ አልነበረም። «ጋሼ፣ ቦታ አይበቃም» አልኳቸው። «ኤትሩስካኖቹ ከዚህች ባነሰች ድንጋይ ላይ ይበቃቸው ነበር» አሉኝ። ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የእናትየውም ስም ፊደሉን ትንሽ ጠበብ ሳደርገው ገባ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኔ እየቀረጽኩ እሳቸው ያወራሉ። መጽሐፍም ያውሱኛል። እንግሊዝኛዬ ባያኮራም መዝገበ ቃላት ይዤ እዘልቀዋለሁ።

ኤትሩስካውያን መሃል ጣሊያን የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሮም መንደር ሳለች እነሱ ከተማ ነበራቸው። ዛሬ ቶስካና የሚባለው አገር ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። ራሳቸውን ግን «ራስና» ነበር የሚሉት። (ይህን ደግሞ «ራስ» ከሚለው ማዕረጋችን ጋር እንዳታገናኙት፣ አደራ።) ከእነሱ የተረፈው ጽሑፍ ከ13,000 በላይ ነው። አብዛኛው ምንድን ነው? የመቃብር ጽሑፍ! የእኔው ሥራ ማለት ነው። እገሌ፣ የእገሌ ልጅ፣ እናቱ እገሊት፣ ይህን ያህል ዓመት ኖሮ ሞተ። «ክላን» ወንድ ልጅ፣ «ሴክ» ሴት ልጅ፣ «ፑያ» ሚስት፣ «አዊል» ዓመት፣ «ሉፑ» ሞተ። እነዚህን አምስት ቃላት የያዘ ሰው የመቃብሮቹን እኩሌታ ደህና አድርጎ ይረዳል።

ስለዚህ «ማንም ሊያነበው አልቻለም» የሚለው ትክክል አይደለም። ፊደሉ የግሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት አካባቢ ከግሪኮች ወስደውት ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፉበት ነበር። የሚያውቀው ሰው ጮክ ብሎ ያነበዋል። ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። ንባብ ቤት ያለፈ ልጅ ዳዊቱን እንደ ውሃ ያወርደዋል። ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቁት ግን ገና ትርጓሜ ቤት አልገባም። የኤትሩስካን ሊቃውንትም እንደዚያው ናቸው፤ ንባቡን ጨርሰው ትርጓሜው ላይ ቆመዋል። ስምና ዝምድና፣ ቁጥርና ዓመት፣ አማልክትና መሥዋዕት ላይ ደህና ናቸው። ረጅም ጽሑፍ ሲገጥማቸው ነው የሚደናቀፉት። የሁሉም ረጅሙ 1,200 ያህል ቃላት የሚነበቡበት የበፍታ መጽሐፍ ነው። ግብፅ ውስጥ ቀዳደው የአስከሬን መጠቅለያ አድርገውት ነበር። አሁን ዛግሬብ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። እኔ ጋዜጣ ማርብል መጠቅለያ ባደርግ ምን ይገርማል?

ሌላ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ቆየት ባሉት ድንጋዮች ላይ ቃሉን ከቃሉ ሳይለዩ ይደረድሩት ነበር። በኋላ ግን በየቃሉ መሃል ነጥብ ማድረግ ጀመሩ። አንዳንዱ አንድ ነጥብ፣ አንዳንዱ ልክ እንደ እኛ ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ጋሼ ፎቶውን ሲያሳዩኝ «ይኼ የእኛው አይደለም እንዴ!» ብዬ ነበር። እሳቸውም ሳቁና «አንተም ጀመርክ?» አሉኝ። አያችሁ፣ የደብዳቤው ጸሐፊ ላይ የምፈርደው እኔም አንድ ጊዜ ስለወደቅኩበት ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

ኤትሩስካን ብ፣ ድ፣ ግ የሚባል ድምፅ የለውም። «ኦ» የለውም። ያለው ፕ፣ ት፣ ክ ነው። አናባቢውም አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኡ ብቻ ነው። በተጨማሪም ቃሉን ሲጠሩት መጀመሪያው ላይ ተጭነው ስለሚረግጡት ከመሃል ያሉት አናባቢዎች ይጠፋሉ። የግሪክ ተረት በጣም ይወዱ ነበር። ከነሐስ መስተዋታቸው ጀርባ የግሪክ ጀግኖችን ቀርጸው በየራሳቸው አጠገብ ስማቸውን ይጽፋሉ። ግን በጆሯቸው እንደሰሙት ነው የሚጽፉት። አሌክሳንድሮስ «ኤልክስንትሬ» ሆነ። ድ የለማ፣ ት ተተካ። ፖሊዴውኬስ «ፑልቱኬ» ሆነ። ኦ ወደ ኡ፣ ድ ወደ ት። የሁሉም ጉድ ግን ክሊታይምኔስትራ ናት። «ክሉትምስታ» አደረጓት! ፊደሉን ቁጠሩት፤ ግማሽ ሰው ነው የቀረው።

አንድ ቀን ከጋሼ ጋር የእኛን ስሞች በዚህ ሕግ እየቀየርን ስንስቅ ዋልን። ደበበ «ተፐፐ» ይሆናል። ቦጋለ «ፑክለ»። ጎበና «ኩፕና»። የእኔን ስም አልነግራችሁም።

ግን እኛስ? አያቴ ነፍሷን ይማረውና ፖሊስን «ቦሊስ» ነበር የምትለው። ፖስታም «ቦስታ»። ፐ በፊደል ገበታችን መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ዘግይታ ስለመጣች ነው። እግዚአብሔር ብለን ጽፈን «እግዜር» ብለን እናነባለን። «እግዜር ይስጥልኝ» ራሱ በጥድፊያ ጊዜ «እግዜስጥልኝ» ነው። ክሉትምስታን ያየ ሰው በእኛ አይስቅም፣ እኛን ያየም በእሷ መሳቅ የለበትም። ሁሉም ሰው የሰው ቃል የሚውጠው በራሱ ጉሮሮ ልክ ነው።

ይህን ነገር በሥራዬ ላይ በደንብ ከፍዬበታለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ይመስለኛል፣ ከሰንዳፋ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ ሰው በስልክ ሐውልት አዘዘኝ። የሟቹን ስም ነገረኝ። የኦሮምኛ ስም ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ «እውነት» ከሚለው ቃል የወጣ ስም ነው። እኔ በጆሮዬ «ዱ» ሰማሁ፣ «ዱ» ብዬ ቀረጽኩ። ጥቁር ማርብል፣ ወርቃማ ቀለም፣ በጣም ያማረ ሥራ። ሊወስዱት ሲመጡ የሟቹ አባት አብረው መጡ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በፊደሉ ላይ ቀስ እያደረጉ አስኬዱት። ከዚያ ቀና ብለው «ይኼ ማን ነው?» አሉኝ።

«ልጅዎ ነዋ አባባ።»

«የኔ ልጅ እንዲህ አይባልም።»

ስሙን ጠሩልኝ። ደገምኩት። አይደለም አሉ። እንደገና ደገምኩት። አሁንም አይደለም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አፉን ሸፍኖ ይስቃል። «ምላስህን ወደ ላንቃህ አጥፍና ወደ ውስጥ ሳበው» አለኝ። ባጥፈውም ብስበውም አልሆነልኝም። ጆሮዬ የኤትሩስካን ጆሮ ሆኖ ነበር። ያ ድምፅ በአማርኛ የለም፣ ስለሌለም ቅርቡን «ድ» ብዬ ሰማሁት። በመጨረሻ ልጁ በእርሳስ ካርቶን ላይ ሣለልኝ፤ ዹ። ለካ ፊደሉ ነበረ። ዱን ዹ ለማድረግ የሚያስፈልገኝ አንድ ትንሽ ጭረት ብቻ ነበር። በመሮው ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረግኩት፣ ወርቁን ሞላሁት፣ አለቀ። ሽማግሌው እንደገና ጣታቸውን አስኬዱበት። ምንም አላሉም፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ድንጋዩን አስጫኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም በስልክ አልቀበልም።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው። «የላቲኑን ጂ እኮ ነው የሠራኸው!» አሉ። ታሪኩ እንዲህ ነው። የግሪክ ፊደል ሦስተኛው «ጋማ» ነው፣ ግ። ኤትሩስካኖች ግ ስለሌላቸው ያንን ፊደል ክ ብለው አነበቡት። ሮማውያን ደግሞ ፊደሉን ከእነሱ ተቀበሉ፣ ከነስህተቱ። ሮማውያን ግ የሚል ድምፅ አላቸው፣ ግን ፊደሉ ክ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም ድምፅ በአንድ ፊደል ጻፉ። ጋይዩስ የሚለው ስም በላቲን በምኅጻር ሲጻፍ እስከ መጨረሻው በሲ ፊደል የቀረው ለዚህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ሲ ላይ አንዲት ጭረት ጨምረው ጂን አወጡ። እኛም እኮ ይኸው ነን፤ ሰ ላይ ጭረት ስንጨምር ሸ፣ ተ ላይ ቸ፣ ነ ላይ ኘ፣ ደ ላይ ጀ። የፊደል ድህነት በየአገሩ የሚድነው በጭረት ነው።

የፊደል ብልጽግናም አለ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ደንበኞቼ «ፀሐይ» የሚለው ስም በየትኛው ፀ፣ በየትኛው ሐ እንደሚጻፍ ድንጋዩ ላይ ቆመው ይጣላሉ። ከቀብር ማግሥት ማለት ነው! ወንድምና እህት ኀዘን ልብሳቸውን ሳያወልቁ በሠ እና በሰ ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ኤትሩስካኖችም ለአንድ ክ ሦስት ፊደል ነበራቸው። በጥንቱ አጻጻፍ ከአ በፊት አንዱን፣ ከኤና ከኢ በፊት ሌላውን፣ ከኡ በፊት ሦስተኛውን ይጠቀሙ ነበር። ማርሲሊያና በሚባል ቦታ ከዝሆን ጥርስ የተሠራች ትንሽ የጽሕፈት ሰሌዳ ተገኝታለች። ጠርዟ ላይ 26 ፊደል ተቀርጾባታል። ከእነሱ መሃል ብ፣ ድ፣ ኦ አሉ። በቋንቋቸው አንድም ቀን አይጠቀሙባቸውም፣ ግን ከግሪኩ ስለተማሩ አልጣሉም። የኔታ ያስተማረውን ፊደል ማን ይጥላል?

ወደ ቃላት አመጣጥ ስንመጣ ይህ የድምፅ ሕግ እንደ መርማሪ ፖሊስ ያገለግላል። አንድ ምሳሌ ብቻ። በላቲን ቅርጫት «ስፖርታ» ነው። (ከስፖርት ጋር አይገናኝም፤ ያኛው ሌላ ነው።) የግሪኩ ቃል «ስፒሪዳ» ነው። ላቲን ድ አለው፣ ድን ወደ ት የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። ታዲያ ት ከየት መጣች? የመሃሉስ አናባቢ ወዴት ገባ? ድን ት የሚያደርግ፣ መሃሉን የሚውጥ ጉሮሮ ማን ነበር? ቅርጫቷ በኤትሩስካኖች ገበያ አልፋ ነው ሮም የገባችው። ሌባው የጣት አሻራውን ትቶ ሄዷል።

ታርኲኒያ ያለ አንድ መቃብር ግድግዳ ላይ ደግሞ ጭምብል ያደረገ ሰው ተሥሏል። ከአጠገቡ «ፌርሱ» ተብሎ ተጽፏል። ላቲኖች ለጭምብል «ፐርሶና» የሚሉት ከዚህ መጣ ብለው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። እንግሊዞች ዛሬ ሰውን የሚጠሩበት ቃል እንግዲህ ከዚህ ጭምብል የወረደ ነው።

ለሙያዬ ቅርብ ስለሆነች አንዲት ደግሞ ልጨምር። ስዊቶኒዩስ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንደሚለው አውግስጦስ ቄሳር ሊሞት ሲል መብረቅ ሐውልቱን መታው። ከስሙ የመጀመሪያዋን ፊደል፣ ያችኑ ሲን፣ አቀለጣት። ጠንቋዮቹ ተጠየቁ። ሲ በሮማውያን ቁጥር መቶ ናት፣ ስለዚህ መቶ ቀን ቀርቶታል አሉ። የተረፈው «ኤሳር» ደግሞ በኤትሩስካን አምላክ ማለት ነው፣ ስለዚህ ከአማልክት ይቆጠራል አሉ። በእኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ ከ«ቄሳር» ላይ «ቄ» ስትወድቅ የሚቀረው «ሳር» ነው። እኔ ከሠራሁት ላይ ፊደል ሲወድቅ ደግሞ የሚቀረው ጭቅጭቅ ነው።

እንግዲህ ወደ «አፓ» እና «አቲ» ልመለስ።

እኔ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከዚያ አለፍ ሲሉ ለገዳዲ አለ፣ የምንጠጣው ውሃ የሚመጣበት። መሃል ከተማ ደግሞ ለገሃር አለ። ሦስቱም «ለገ» ይላሉ። አንድ እንግዳ ሰው ቢመጣ «የዚህ አገር ሰው ለሰፈር ሁሉ ለገ ይላል፣ አንድ ቃል መሆን አለበት» ይላል። ለገጣፎና ለገዳዲ ላይ ያለው ኦሮምኛ ነው፤ ወንዝ ማለት ነው። ለገሃር ግን ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። ባቡሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ይዞት የመጣ ስም ነው። ለገሃር ወንዝ አይደለም፣ ለገጣፎም ፈረንሳይ አይደለም። ኳሷን የ«ለጋት» ልጅማ ጨርሶ የሁለቱም ዘመድ አይደለም። ድምፅ ስለገጠመ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለት እንዲህ ጉድ ያደርጋል።

«አፓ» እና «አቲ»ን የመሰሉ ቃላት ደግሞ ከሁሉም የባሱ ናቸው። ሕፃን አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያወጣቸው ድምፆች ናቸውና በየአገሩ ይመሳሰላሉ። በሀንጋሪኛም አባት «አፓ» ነው። ታዲያ ሀንጋሪዎቹም ዘመድ ሊሆኑ ነው? በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» ማለት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አባት! እናት «ዴዳ» ናት። በዚህ መንገድ ዘር የሚቆጥር ሰው የቤተሰብ ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል።

ዝምድና የሚታወቀው በሕግ ነው። ግዕዝ «መጽአ» ሲል አማርኛ «መጣ» ይላል። «ጽሕም» ሲል «ጢም»። «ጸብሐ» ሲል «ጠባ»። ሦስቱም ላይ ጸ ጠ ሆነ፣ የጉሮሮው ድምፅ ጠፋ። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው፤ ሁልጊዜ ሲሆን ግን ሥጋ ነው።

የደብዳቤው ጸሐፊ ምናልባት አያውቁት ይሆናል እንጂ ነገሩ በወርቅ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፒርጂ በሚባል የጥንት ወደብ ሦስት የወርቅ ቅጠሎች ተገኙ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ የተጻፉ ናቸው። ሁለቱ በኤትሩስካን፣ አንዱ በፊንቄ ቋንቋ። ቴፋሪዬ ዌሊያናስ የሚባል የከተማ ገዢ ለአንዲት አምላክ መቅደስ ሰጠሁ ይላል። ቃል በቃል አንድ ባይሆኑም ነገራቸው አንድ ነው። አክሱም ላይ የኢዛናን ድንጋይ በግሪክ፣ በሳባ ፊደልና በግዕዝ ያየ ሰው ይህ አሠራር ይገባዋል።

አሁን የፊንቄውን ቅጠል አንብቡት። እንደ ጥንቱ ግዕዝ ያለ አናባቢ ነው የተጻፈው። «ቅድሽ» ይላል፤ ቅዱስ። «ይርሕ» ይላል፤ ወርኅ። «ዝብሕ» ይላል፤ ግዕዙ «ዘብሐ»፣ ሠዋ። «ሽልሽ» ይላል፤ ሠለስቱ፣ ሥላሴ ያልንበት ቃል። ሕጉንም ተመልከቱ። እኛ ሠ ስንል እነሱ ሽ ይላሉ። እኛ በወ ስንጀምር እነሱ በይ ይጀምራሉ፤ ወርኅ «ይርሕ» እንደሆነ ሁሉ ወለደም በእነሱ «ይልድ» ነው። ይህ ነው ሥጋ። የግዕዝ የአጎት ልጅ ከሮም ብዙም ሳይርቅ በወርቅ ላይ ተቀምጦ አገኘነው ማለት ነው! መጀመሪያ ጋሼ ሲያነቡልኝ ድንጋዩን ትቼ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ የኤትሩስካኑን ቅጠል አንሡ። ፊንቄው «ሽልሽ»፣ ሦስት፣ ያለውን የኤትሩስካኑ «ኪ» ይላል። «ኪ አዊል»፣ ሦስት ዓመት። ከሥላሴም፣ ከሠላሳም፣ ከሦስትም ጋር የሚያገናኘው አንዲት ፊደል የለም። ቁጥር ደግሞ ዘመድ የማይክደው ነገር ነው። በሁለት ዳይሶች ላይ፣ ሉዶ የምንጫወትበት ዓይነት ማለት ነው፣ በነጥብ ፈንታ ቁጥሩን በቃል ጽፈውታል፤ ቱ፣ ዛል፣ ኪ፣ ሳ፣ ማክ፣ ሁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና አምስት ተለይተዋል፤ ሳ እና ሁት ማናቸው አራት ማናቸው ስድስት እንደሆኑ ሊቃውንት ይከራከራሉ። የትኛውም ግን ግዕዝ አይሸትም። አንድ ደስ የሚል ነገር ብቻ አለ። 17ን ለማለት «ኪኤም ዛትሩምስ» ይላሉ፣ ሦስት ከሃያ ሲጎድል። እኛ «ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ» እንደምንለው፣ ለሃያ ሦስት ጉዳይ ማለት ነው። አቆጣጠሩ ይመሳሰላል፣ ቃሉ ግን የራሱ ነው።

ለነገሩ የደብዳቤው ጸሐፊ ብቻቸውን አይደሉም። ሽቲከል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 ኤትሩስካን ሴማዊ ቋንቋ ነው ብሎ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ያን ጊዜ የፒርጂ ወርቅ ገና አፈር ውስጥ ነበረ። ዛሬ ወጥቷል፤ ጋዜጣ ላይ የሚጻፍ ሰው ሊያየው ይገባል።

ለቋንቋው እውነተኛ ዘመድ ከተፈለገ የኤጌ ባሕር ላይ ያለች ሌምኖስ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 አንድ የመቃብር ድንጋይ ተገኘ። ጦር የያዘ ሰው ተቀርጾበታል፣ ዙሪያውን ተጽፎበታል። ቋንቋው የኤትሩስካን የቅርብ ዘመድ ነው። እንዲህ ያለውን ዝምድና የሚያወጣው የእኔ ቢጤ ድንጋይ ጠራቢ የተወው ሥራ መሆኑ ያኮራኛል፣ አልደብቅም።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለጋሼ አነበብኩላቸው። የራሳቸው ድንጋይ ከሁለት ዓመት ጀምሮ እኔ ጋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቀድመው ከፍለው ነው ያሠሩት፤ ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ የእናታቸው ስም። የመጨረሻው ዓመት ቦታ ባዶ ነው። አናቱ ላይ የሻይ ብርጭቋቸውን ያስቀምጡበታል። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ሁለት ቦታ ላይ ሰን በሠ ቀየሩብኝ። እኔ አልተስማማሁም ነበር፣ ግን ጋሼን ማን ይከራከራል? ካተማችሁት እሳቸው እንዳረሙት አትሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሐውልት ፊደል ቀራጩ
ከለገጣፎ